በጋሼ ስም የተጻፈው

የካቲት 3፣ ሰኞ

ዛሬ ጠዋት የሠራነውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ከሚጠቀም አንድ ክሊኒክ ነርስ ደወለች። ስልኩ በየጠረጴዛው ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ አረፈ፤ የድሮ ሰው እኔ ነኛ። «ገጻችሁ የሁለት ዓመት ልጅ ሠላሳ ሁለት ኪሎ ነው ይለኛል» አለችኝ። ራሷ ተሳስታ የጻፈች መስሎኝ «እስቲ ክብደቱን እንደገና ይጻፉት» አልኳት።

«እኔማ አሥራ አንድ ብዬ ነው የጻፍኩት። የክብደቱ ሳጥን ላይ አሥራ አንድ ይላል። የመድኃኒቱን መጠን የሚያሰላው ግን በሠላሳ ሁለት ነው ያሰላው። ሠላሳ ሁለት ኪሎው ቅድም የወጣው ልጅ ነው።»

ሰጥታው እንደሆነ ልጠይቃት ስል፣ እሷው ቀድማ «አልሰጠሁትም። መጠኑን ሳየው ደነገጥኩ፤ ግን የደከመው ሰው ቢሆንስ ኖሮ?» አለች። ይቅርታ ጠየቅኋት። ምን ያህል ጊዜ እንደጠየቅኋት አላውቅም፤ በመጨረሻ «በቃ እህቴ፣ አስተካክሉት» ብላ ዘጋችው።

ለቀጭኑ ነገርኩት። አለቃችን ነው፤ ዛሬ ስሙና ሆዱ ባይስማሙም ድሮ የወጣለት ስም አልለቀቀውም። «ማስያውን አሁኑኑ ዝጉት» አለ። ዘጋነው። እስኪስተካከል ክሊኒኮቹ በእጃቸው ያሰላሉ።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

አገኘሁት። አሥር ደቂቃም አልፈጀብኝ። ኪስ ነው።

የማን እንደሆነ ገና አላረጋገጥኩም።

የካቲት 5፣ ረቡዕ፣ በምሳ ሰዓት

ሞካሪዋ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። እኛ የሠራነውን እየነካካች ስህተት የምትለቅምልን ሴት ናት፤ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። «ጓዳ፣ ኪስ ትላላችሁ። ለእኛ ለአዲሶቹ ብታስረዱንስ?» አለችኝ።

ሳስረዳት የገዛ ድምፄ የጋሼ ድምፅ መሰለኝ። ገጹ ከብዙ ክፍሎች የተገጣጠመ ነው፤ ከላይ የልጁ ስም ያለበት ካርድ፣ በግራ የክብደት ሳጥን፣ በቀኝ የመድኃኒት መጠን ማስያ። ሁሉም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ አሁን የቀረበው ልጅ ማን ነው፣ ስንት ኪሎ ነው። ጋሼ ይህ ነገር አንድ ቦታ ብቻ ይቀመጥ አሉ፤ ቦታውን ጓዳ አልነው። የፈለገ ክፍል ጓዳውን ይጠይቃል። ጓዳው ውስጥ ያለው ሲለወጥ ጓዳው ራሱ ሁሉንም ይጠራል። ጠይቆ ያገኘውን ለራሱ ደብቆ የሚይዝ ክፍል ካለ ኪስ አለው እንላለን። «ኪስ ያለው ክፍል ሌባ ባይሆንም ውሎ አድሮ ውሸታም መሆኑ አይቀርም» ይሉ ነበር ጋሼ።

«ታዲያ ይሄ ኪስ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዴት ሳይታይ ቀረ?»

«ድሮ ለእያንዳንዱ ልጅ ገጹ እንደ አዲስ ይከፈት ነበር፤ ኪሱም አብሮ ይራገፋል። ካለፈው ወር ወዲህ ገጹ ሳይዘጋ ከልጅ ወደ ልጅ እንዲያልፍ አደረግነው። ስለዚህ የፊተኛው ልጅ ክብደት ኪሱ ውስጥ ይቀራል።»

«ማን ነው ያስገባው?»

«መዝገቡ የጋሼን ስም ነው የሚያሳየው።»

ማን ምን እንደጻፈ የሚይዘውን መዝገብ ማለቴ ነው። የድሮው ሥራ ወደ አዲሱ መዝገብ ሲዛወር ቀኑ ሁሉ አንድ ሆኖ ቀርቷል፤ ስሙ ግን አለ። «ሕጉን ያወጡት ሰውዬ ራሳቸው?» ብላ ፈገግ አለች። መዝገቡ የሚለው እንደዚያ ነው። እኔ የጨመርኩበት ነገር የለም።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ጋሼ ጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሐሙስ ሐሙስ ግን ለምክር ይመጣሉ። ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ ሐሙስን የምወደው ለዚህ ነው። ኮታቸውን ይሰቅላሉ፣ እጃቸውን ያፋትጋሉ፣ ከዚያ «እህስ፣ ምን አበላሻችሁልኝ?» ይላሉ።

ዛሬም አሉ። ማንም አልሳቀም። ቀጭኑ ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ፤ መልሰው አወረዱት። ጣታቸውን በየመስመሩ እያስኬዱ አነበቡ። ከኪሱ በላይ ማብራሪያ ተብላ የተጻፈች አንድ ቃል ብቻ አለች፤ «ለጊዜው» ትላለች።

«ይሄን እኔ ነኝ የጻፍኩት?»

«ስሙ የእርስዎ ነው ጋሼ» አለ ቀጭኑ፣ ለስለስ ብሎ።

«አዎ፤ ስሜስ ስሜ ነው።» መስመሩን ደግመው አነበቡት። «አላስታውሰውም። ጭራሽ አላስታውሰውም።»

እኔ ሻዬን እያማሰልኩ ነበር። ስኳር አላደረግኩበትም።

የካቲት 9፣ እሑድ

እህቴ ሳሎን ሆና የተማሪዎቿን ፈተና ታርማለች። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ድሮን ልጻፍ፤ ድሮን መጻፍ አይከብድም።

መስታወት ቆራጩ ምድር ቤት ነበር፣ እኛ ከላይ። አንድ ክፍል፣ ሦስት ሰው፣ ሁለት ወንበር ተኩል። ተኩሉ መደገፊያ የሌለው ወንበር ነው። በተራ እንቀመጥበት ነበር፤ ተራውን የሚይዘው ቀጭኑ ስለሆነ ተራው ሁልጊዜ የእኔ ይሆናል። ያኔ ቀጭኑ እውነትም ቀጭን ነበር። ጋሼ «በሩን ቀስ ብለህ ክፈት፣ ንፋሱ እንዳይወስድብን» ይሉታል። ከታች መስታወት ሲቆረጥ ሦስታችንም ጥርሳችንን እንነክሳለን፤ ሲያበቃ ነገራችንን ካቆምንበት እንቀጥላለን። አሁን ያለንበት ሕንፃ ውስጥ ምንም ድምፅ የለም፤ ሰው ከሰው ጋር የሚነጋገረው በጽሑፍ ነው፣ ፊት ለፊት ተቀምጦም ቢሆን።

ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ነበረን። ጋሼ ዕቃውን ከሚሸጥ ትምህርት ቤት በትከሻቸው ተሸክመው ያመጡት ነው። የመጀመሪያው ጓዳ እሱ ነው። ጋሼ ነርስ ይሆናሉ፣ እኔ የስም ካርድ፣ ቀጭኑ ማስያ። ሰሌዳው ላይ ክብደቱን ያጠፉና ሌላ ጽፈው «ጓዳ ተለወጠ» ብለው ይጣራሉ። እኛ ቀና ብለን፣ ሰሌዳውን አይተን፣ የየራሳችንን መልስ እንናገራለን። ሰሌዳውን ሳያይ ከትዝታው የመለሰ ሰው ለሁሉም ሻይ ያመጣል። ወር ሙሉ እንደ ሕፃን ስንጫወት ከርመን ነው አንዲት መስመር የጻፍነው። ሰው ቢያየን ምን ይለን ነበር እላለሁ። ያየን ግን የለም፤ ደስ ይለን ነበር።

ለሥራ የሚሆን ማሽን የነበረን አንድ ብቻ ነው፤ የሚከፈተውም በጋሼ ስም ነበር። እኔም ቀጭኑም የጻፍነው ሁሉ የሚመዘገበው በእሳቸው ነው። አንድ ቀን «ጋሼ፣ የእያንዳንዳችን ቢለይ አይሻልም?» አልኳቸው። «በእኔ ስም ጻፉ፤ ስም በመጻፍ አያልቅም» አሉኝ።

 ያ ክፍል ቢመለስልኝ ያንን ወንበር ዕድሜ ልኬን እቀመጥበት ነበር።

ስለ ማሳያው ቀን ዛሬ አልጽፍም።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ስብሰባ። ሌላ ስብሰባ። ስድስት ክሊኒክ ደወለ። «ስንት ልጅ ተሳስተን ሰጥተን ይሆን?» ያሉ አሉ። የልጆቹን ሁሉ የሕክምና መዝገብ አንድ በአንድ እያየን ነው። እስካሁን የተሳሳተ መጠን የተሰጠው ልጅ የለም። ምሳ አልበላሁም።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

መዝገቦቹን ጨረስን። አንድም ልጅ አልተጎዳም። ሞካሪዋ ጠረጴዛው ላይ ግንባሯን ደፍታ ቆየች፤ እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ጋሼ ዛሬ ትንሽ ደብተር ይዘው መጡ። የነገሯቸውን ሁሉ ይጽፋሉ። እንዲህ ሲያደርጉ አይቻቸው አላውቅም፤ የደንበኛ ስልክ ቁጥር በቃላቸው ይይዙ የነበሩ ሰው ናቸው። ከሰዓት በኋላ ቀስ ብለው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ማስያውን ስሠራ አንቺ ነበርሽ አይደል?»

«ነበርኩ ጋሼ።»

«ይሄን ኪስ ሳስገባስ? አንድ ነገር ብያችሁ ነበር? ለምን እንደሆነ?»

«አላስታውስም» አልኩ።

ደብተራቸው ላይ ጻፉት። «አላስታውስም አለች» ብለው ይሁን ሌላ፣ አላየሁም።

የካቲት 16፣ እሑድ

እሺ። የማሳያው ቀን።

የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች ሥራችንን ሊያዩ የሚመጡበት ቀን ነበር። ጠዋት የጋሼን ልጅ ምጥ ያዛት፤ ጋሼና ባለቤታቸው እትዬ ሆስፒታል ሄዱ። «እናንተ አላችሁ» ብለውን ነው የወጡት። እንግዶቹ ሊደርሱ አንድ ሰዓት ሲቀር ማስያውን ብንሞክረው ቁጥሩ እስኪመጣ ስድስት ሰከንድ ይፈጃል። ማሽኑ አሮጌ ነው፤ ጓዳውን ጠይቆ እስኪመለስ ቀጭኑ ጥፍሩን በልቶ ጨረሰ። «ኧረ አንድ ነገር አድርጊ» አለኝ። አደረግኩ። ለማስያው ኪስ ሰፋሁለት፤ አንዴ ክብደቱን ከሰማ ደግሞ አይጠይቅም። ቁጥሩ ብልጭ ብሎ መጣ። ከላዩ «ለጊዜው» ብዬ ጻፍኩ። ከልቤ ነበር። በማግስቱ ላወጣው ነበር።

ሐኪሞቹ አጨበጨቡ። ወደ ማታ ጋሼ ደውለው «ሴት ናት» አሉን፤ እኛም «ሥራው ተወደደ» አልናቸው፤ በስልኩ ውስጥ ሁለቱም ደስታ ተቀላቀለ። በማግስቱ ከረሜላ በከረጢት ይዘው መጡ፤ መስታወት ቆራጩ ድረስ ወርደው አደሉ። በዚያ ቀን «ጋሼ፣ ሕግዎን ጥሼ ነው የተጨበጨበልን» ብዬ ልነግራቸው አልቻልኩም። ከዚያ ሥራ በሥራ ላይ ተደራረበ።

ረሳሁት ብዬ ልጽፍ ነበር። አልረሳሁትም። በዓመት አንዴ ሁለቴ ትዝ ይለኝና «ምንም አላመጣ» ብዬ አልፋለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን ለሌላ ሰው ነበር የምመክረው።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ይሄ ሰበብ ከሆነ።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ሞካሪዋ የጋሼን የድሮ ሥራ ሁሉ ስታነብ ከረመች። «እኚህ ሰው የሚጽፉት ለእናታቸው ደብዳቤ ይመስላል» አለችኝ። «እያንዳንዱን ነገር ከነምክንያቱ ያብራራሉ፤ ይቅርታ ሁሉ ይጠይቃሉ። ይሄ ኪስ ላይ ግን አንድ ቃል። የእሳቸው እጅ አይመስለኝም።»

«ሰው ይቸኩላል» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

አየችኝ። ወደ ማንበቧ ተመለሰች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚሉት ይሄን ነው።

ጋሼ በአውቶቡስ መጡ። «መኪናዎስ?» አልኳቸው። «ተውኳት። ከእንግዲህ ዘንግቼ የሰው ልጅ ብገጭስ?» አሉ። እየቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ። አልሳቁም።

የካቲት 23፣ እሑድ

ጋሼ ቤት ሄጄ ነበር። ብርቱካን ገዛሁ። ልነግራቸው ነው የሄድኩት፤ ቢያንስ ስወጣ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት።

እትዬ ኮሪደሩ ላይ አስቆሙኝ። ሥራ ስንጀምር ምሳ እየቋጠሩ የላኩልን እሳቸው ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሁለቴ ሐኪም ዘንድ ወስጄዋለሁ» አሉኝ። «ምንም የለበትም ነው የሚሉት። እሱ ግን አልተቀበለም።»

«ምን ይላሉ?»

«‹ሐኪሙ ስሜ ያለበትን መዝገብ አላየም› ይላል።»

ከዚያ ስለ ጋሼ ታላቅ ወንድም ነገሩኝ። ስልሳ ሰባት ዓመት ሲሆነው የገዛ ቤቱ በር ጠፍቶት የጎረቤት በር ሲያንኳኳ ተገኘ። ከዚያ ሚስቱን «ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» እስከማለት ደረሰ። ጋሼ በመጪው ዓመት ስልሳ ሰባት ይሆናቸዋል። ይህንን አላውቅም ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ከሰውየው ጋር ስሠራ ወንድም እንዳላቸው እንኳን አላውቅም ነበር።

ሳሎን ስገባ የልጅ ልጃቸው ከመጽሐፍ ቃላት እየጠራች አያቷን ትፈትናለች። ሃያ ቃል ጠርታ ትዘጋለች፤ እሳቸው በቅደም ተከተል ይደግሙላታል። ሃያውንም ደገሙት። «አያቴ ጎበዝ ነው» አለችኝ። ስምንት ዓመቷ ነው። የተወለደችው በማሳያው ቀን ነው። አቀፈችኝ፤ ብርቱካኑን ተቀበለችኝ።

አልነገርኳቸውም። ልጅቷ ነበረች። እትዬም ነበሩ። አንድ ሰዓት ስለ ድሮ አወራን፤ ስለ ወንበሩ ሲያወሩ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ስወጣ «ድሮውንስ ደህና አድርጌ ነው የማስታውሰው፤ አይደል?» አሉኝ። «ከእኔም ይበልጥ» አልኳቸው።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ጋሼ ለቀጭኑ ደብዳቤ ሰጡት። ራሳቸው የጻፉት። «የራሴን ስህተት የማላስታውስ ሰው ስለ ሰው ልጅ መድኃኒት መምከር አይገባኝም» ይላል። በመጋቢት አጋማሽ ያቆማሉ።

ቀጭኑ አንብቦ አሳየኝ። «አንጀቴን በላው» አለ። ከዚያ አጣጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

የካቲት 28፣ ዓርብ

እህቴ «ምን ሆነሻል? ሰሞኑን ስጠራሽ አትሰሚም» አለችኝ። ሥራ ነው አልኳት። «ሥራ ነው ስትይ ከንፈርሽን ትነክሻለሽ» አለች። አስተማሪ ከሆነ ሰው ጋር መኖር ፈተና ነው።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

ኪሱን አወጣሁት። አራት መስመር። ስምንት ዓመት ያስቀመጥኩት ነገር አራት መስመር ነበር። ማስያው ተከፈተ። ያቺ ነርስ ደውላ አመሰገነችኝ። እኔን።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ጋሼ አልመጡም፤ አሟቸው ነው ተባለ። ሐሙስ ያለ እሳቸው ምን ሊባል ነው።

ቀጭኑ ሁላችንንም ሰብስቦ ዕቅዱን ተናገረ። ጓዳው ከነሕጉ ይፈርሳል፤ ሁሉም ነገር በአዲስ መልክ ይሠራል። ሰኞ መጋቢት 15 ለክሊኒኮቹ ሁሉ ደብዳቤ ይላካል። ስህተቱ በቀድሞው አማካሪያችን ሥራ ላይ የተገኘ መሆኑን፣ አማካሪውም ከሥራ መሰናበታቸውን ይገልጻል። በዚያው ዕለት ለጋሼ ትንሽ መሸኛ ይኖራል። ሞካሪዋ «ጓዳው ምን አጠፋ? ያጠፋው ጓዳውን ያልጠየቀው ነው» አለች። ቀጭኑ ወረቀቶቹን ሰበሰበ። ወደ እኔ ዞረች። ዝም አልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የእኔ አፍ ውስጥ ግን ገብቶ ነበር።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፤ ከሰዓት በኋላ እግሬ ወደ ድሮው ቤት ወሰደኝ። መስታወት ቆራጩ አለ። ሸምግሏል፤ ጓንቱ ብቻ ነው አዲስ። ወዲያው አወቀኝ። «የላይኞቹ» አለ። «ሽማግሌው ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«እንዴት ያሉ ሰው ናቸው መሰለሽ። አንድ ነገር ግን ሁሌ ይገርመኝ ነበር። ጠዋት ማታ ‹ጓዳ ተለወጠ፣ ጓዳ ተለወጠ› ትላላችሁ። እኛ ከታች ሆነን ምን ዓይነት ምግብ ቢሠሩ ነው እያልን አንድ ቀን ይጠሩናል ብለን ስንጠብቅ ኖርን። ዓመት አለፈ፤ የጠራን የለም።»

ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቄ ተበላሸብኝ። ደረጃውን ብወጣው አልከለከለኝም። ክፍሉ አሁን የልብስ ሰፊ ነው። ሰሌዳው የነበረበት ቦታ ግድግዳው ከሌላው ይነጣል። ሰፊዋ «ምን ፈልገሽ ነው?» አለችኝ፤ «ድሮ እዚህ እሠራ ነበር» አልኳት። «እኔ ደግሞ ክር እየቆጠርኩ ነው፤ ግቢ እይው» አለች። ሁለት ደቂቃ ቆሜ ወጣሁ።

ጋሼ ስለ ኪስ ሲቆጡ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም ነበር። «ኪስ የሚሰፋ ሰው ክፉ አይደለም፤ የቸኮለ ነው። መጥፎው ኪሱን ሳይናገር የሚኖረው ነው» ይሉ ነበር። ያኔ ስለ ክፍሎቹ የሚናገሩ ይመስለኝ ነበር።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

የጋሼ የመጨረሻ ሐሙስ። ኮታቸውን አልሰቀሉም፤ ክንዳቸው ላይ ይዘውት ቆዩ። «ምን አበላሻችሁልኝ»ም አላሉም።

የጽሑፋቸውን ዝርዝር በእጃቸው ጽፈው አመጡልኝ። ዘጠኝ ገጽ። ጡረታ እስኪወጡ የሠሩት ሁሉ፣ በቅደም ተከተል፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡትና «ልጄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አሉ። «የጻፍኩትን ሁሉ ፈትሺልኝ። እኔ ከእንግዲህ ራሴን ላምነው አልችልም። ሌላ ቦታም እንዲህ አድርጌ ይሆናል። አንቺ ዓይንሽ ጥሩ ነው።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። እሺ ጋሼ ነው ያልኩት።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ጠዋት ቀጭኑ ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁት። «ኪሱ የእኔ ነው» አልኩት።

ብዙ አልደነገጠም። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ሐኪሞቹ የመጡ ቀን ከጎንሽ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ረስቼው መሰለሽ?» አለኝ።

 የረሳው ነበር የመሰለኝ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺስ?»

 ከዚያ በረጅሙ ተናገረ። ክሊኒኮቹ የሚያምኑት አንቺን ነው፤ አንቺ ነሽ ካልን ነገ ሥራው የለም። ጋሼ ደግሞ ለማንኛውም የዕረፍት ጊዜያቸው ነው። ለእሳቸው ምንም አይለወጥም፤ ደብዳቤውን ራሳቸው ነው የጻፉት። «እኔም እወዳቸዋለሁ» አለ። ውሸቱን አልነበረም። ለዚህ ነው የከፋኝ።

«የጻፉት እብድ የሆኑ መስሏቸው ነው» አልኩት።

«ያልፋል» አለኝ።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ደብዳቤውን ጻፍኩ። ለሁሉም፤ ለክሊኒኮቹ፣ ለባልደረቦቼ፣ ለቀጭኑም። አጭር ነው። ኪሱን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ቀኑ ይህ ነው፣ የተመዘገበው በጋሼ ስም የሆነው ማሽናችን አንድ ስለነበር ነው፣ ጋሼ አላዩትም፣ አላወቁም። ሳልልክ ብወጣ ኖሮ መንገድ ላይ ሐሳቤን እቀይር ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ላክሁና ወጣሁ። ለሁለት ሰዓት ያህል ስልኬ ሲጮህ ነበር፤ አላነሳሁም።

እትዬ በሩን ከፈቱልኝ። ጋሼ ሳሎን ውስጥ ጋዜጣ ይዘዋል። ቁጭ በይ ሲሉኝ አልተቀመጥኩም።

«ጋሼ፣ ያ ኪስ የእርስዎ አይደለም። እኔ ነኝ የሰፋሁት። ሐኪሞቹ ሊያዩን የመጡ ቀን። እርስዎ ሆስፒታል ነበሩ።»

ጋዜጣውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። «ልጅቱ የተወለደች ቀን?»

«አዎ።»

«እሱን ቀንማ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እሱን ቀንማ አንድ ደቂቃ ሳላስቀር ነው የማስታውሰው። ከጠዋት እስከ ማታ ከማዋለጃው በር አልተነቃነቅኩም። የኮሪደሩ ሰዓት አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀር ነበር። ማስያውን አልነካሁም።»

«አልነኩትም። ያላዩትን እንዴት ብለው ያስታውሱታል?»

ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት። ከወገባቸው ቀና አሉ። «ስሚ እስቲ» ብለው እትዬን ጠሩ፤ «አልረሳሁም። ስሚ፣ አልረሳሁም እኮ፤ አልነበርኩም። መጀመሪያውኑ አልነበርኩም።» እትዬ እጃቸውን እየጠረጉ ከወጥ ቤት መጡ። ጋሼ እያለቀሱ ይስቁ ነበር። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ተባረኪ» አሉኝ፤ ለጥፋቴ ተመረቅኩ። እኔም አለቀስኩ። በቃ፣ አለፈ ብዬ ነበር።

እትዬ አልሳቁም። በሩ ላይ እንደቆሙ «መቼ ነው ያወቅሽው ልጄ?» አሉኝ።

ትናንት ማለት እችል ነበር። ምላሴ ላይ ነበር። ያምኑኝ ነበር።

«የካቲት አራት» አልኩ።

የጋሼ እጅ ገና እጄ ላይ ነበር። ቀስ ብለው አነሱት። ተናደው አልነበረም፤ ብቻ አነሱትና ጋዜጣው ላይ አሳረፉት።

«ሠላሳ ዘጠኝ ቀን» አሉ። ወዲያው ነው ያሰሉት።

ከዚያ ወደ መስኮቱ እያዩ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው ሳይለይ፣ «ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ስነሳ፣ ዓይኔን ሳልገልጥ፣ የልጆቼን ስም አንድ በአንድ እጠራ ነበር። እስቲ ዛሬ የማን ይጠፋኝ ይሆን ብዬ» አሉ።

እንደገና ቁጭ በይ ያለኝ አልነበረም። ሂጂም አላሉኝም። ቆሜ ቆየሁ።